ሰይድ ይመር፣ ቢሮ ይቅረብ

ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ሲጮህ አልወድም። «ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ቀንሰው» ስል ሾፌሮቹ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ ያሳርፉና እንደነበረ ይተውታል፤ ለምጄዋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ ስሄድም የስፖርት ፕሮግራሙ ጣሪያውን ሊበሳው ደርሶ ነበር። ማታ በተደረገ ጨዋታ አንዱ አጥቂ ኳሷን በክንዱ ገፍቶ አግብቷል፤ ዳኛው አላየም፤ ቡድኑም አሸንፎ ሄዷል። አዘጋጁ፣ ያ ወጣቱ ሁሉ የሚሞትለት ሰውዬ፣ «ይሄ ብልጠት ይባላል ወገኖቼ! ብልጠት!» እያለ ይጮሃል።

«ብልጠት ይላል እንዴ!» አለች አጠገቤ የተቀመጠች፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልጅ። «የእኛም አለቃ ልክ እንደዚህ ነው። እሱ ደንበኛ ሲያታልል ብልጠት፣ እኛ አምስት ደቂቃ ስናረፍድ ስርቆት።»

«ሰውዬው የቡድኑ ደጋፊ ነው፤ ይታወቃል እኮ» አለ ረዳቱ በሩን ተደግፎ። «ሌላ ቡድን ቢያገባው ይሄኔ አልቅሶ ነበር።»

«ቢሆንስ? ነጥብ ነጥብ ነው» አለ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት። «ነገ ማንም አያስታውሰውም።»

ይሄኔ ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጡ ሽማግሌ ተናገሩ። ከኋላ ሆኜ የሚታየኝ ነጭ ቆባቸውና ማጅራታቸው ብቻ ነበር።

«ያስታውሳል፣ ልጄ። በእጅ የገባ ጎል እጅ ላይ ነው የሚቀረው። እኔ በዚች እጄ አግብቼ አውቀዋለሁ።» ቀኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። «እዚሁ አቃቂ፣ ፋብሪካ ስሠራ። ዳኛው አላየኝም። አንዲት ሴት ግን በጡሩንባ ለአገር ምድሩ ነገረችብኝ።»

ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። ድምፁን ከመጀመሪያው ቃል ነው የለየሁት። ቃላቱን እያለሰለሰ የሚያወርድ የወሎ ሰው ድምፅ ነው፤ በዕድሜ ሻከር ከማለቱ በስተቀር ያው ነው። ያቺ ሴት ደግሞ እኔ ነኝ። ለእህቴ የያዝኩትን የበሶ ፌስታል ጭኔ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ሌባ አቀረቀርኩ።

የዛሬ ልጅ ፋብሪካ ሲባል የቆርቆሮ አጥርና የጥበቃ ቤት ነው የሚታየው። በእኛ ጊዜ ፋብሪካ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር። ጠዋት ሳይረኑ ሲጮህ ከወንዙ ማዶም ከባቡር ሐዲዱ ወዲህም ሰው እንደ ጎርፍ ይመጣል። ወንዶቹ ካኪ ቱታ ለብሰው ነው የሚገቡት፤ ሲወጡ ግን እግራቸው ሥር አቧራ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ፣ ከበር የማያሳልፍ አፍሮ፣ ኪሳቸው ላይ የተሰካ ማበጠሪያ። እኛ ሴቶቹ ሰማያዊ ጋዋናችንን አውልቀን፣ ፀጉራችን ላይ የተቀመጠውን የጥጥ ብናኝ አንዳችን ለአንዳችን እንለቅማለን። በሩ ላይ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በአምስት፣ ስሙኒ ያለው ደግሞ ጓደኛውን ጋብዞ ይኮራል። ጥግ ላይ ባለችው ሻይ ቤት፣ ሬዲዮ ላይ የሚወደው ዘፈን ሲመጣ ጀምበር እስክትጠልቅ የማይነሳ ሰው ነበር። የዛሬው ነገር ሁሉ መጥፎ ነው የምል ሰው አይደለሁም፤ ኮንዶሚኒየሜ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ቧንቧዬ ሳምንቱን ሙሉ ባይሆንም ይመጣል፣ ከመስኮቴ ስመለከት የሚታየኝ ልጅ ሁሉ ጫማ አድርጓል። ፓስቲው ግን ያኔ ይጣፍጥ ነበር፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝ።

ሥራዬ ጡሩንባው ክፍል ነበር። ድምፅ ማጉያ ነው ስሙ፤ ሠራተኛው ግን «ጡሩንባው» ነበር የሚለው። ግቢው ውስጥ በየምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ ነፋሱ ካገዘው ቃሊቲ ድረስ ይሰማል። ጠዋት ሙዚቃ አሰማለሁ፣ የምሳ ሰዓት እናገራለሁ፣ ከዚያ አስተዳደር ጽፎ የሚሰጠኝን ወረቀት አነባለሁ። ወረቀቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «እገሌ፣ ከእገሌ ክፍል፣ ለጉዳይ ስለሚፈለግ በአስቸኳይ ቢሮ ይቅረብ።» ለመልካም ነገር የተጠራ ሰው አይቼ አላውቅም። ደመወዝ የሚቀጣው፣ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው፣ የሚባረረው ነው የሚጠራው። ስለዚህ ሠራተኛው ሲጣላ «ስምህ በጡሩንባ ይጠራ!» ተባብሎ ይራገም ነበር። እናቶች እንኳ ያስቸገረ ልጅ ሲቆጡ «ለዘነበች እሰጥሃለሁ» ይሉ ነበር። ዘነበች እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ውጭ ስሄድ ሰው ድምፄን ሰምቶ ሲደነግጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ልጅነት ነው።

የኳስ ቡድናችንን ጨዋታ በጡሩንባ የሚያስተላልፉት ጋሽ መኩሪያ ነበሩ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ። ሜዳው ከፋብሪካው አጥር ጋር የተያያዘ ስለነበር ረጅም ሽቦ ጎትተን ማይክሮፎኑን መስመሩ ዳር እናደርሰዋለን። በተረኝነት ማሸጊያ ክፍል የቀረው ሠራተኛ ከውስጥ ሆኖ ይሰማል፤ ሜዳው ዙሪያ ያለውም ይሰማል፤ ተጫዋቾቹም ራሳቸው ይሰማሉ። ጋሽ መኩሪያ በአቃቂ የታወቁ ሰው ነበሩ። ገበያ ሲወጡ ቲማቲም ሻጮቹ ሳይቀሩ መርቀው ይጨምሩላቸዋል። ዛሬ ሳስበው ያ ሬዲዮ ላይ «ብልጠት» የሚለው ሰው የእሳቸው የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ጋሽ መኩሪያ አንድም ቀን የእኛ ልጅ ሲያጠፋ አይተው አያውቁም። የእኛ ተከላካይ የሰው ቁርጭምጭሚት ሲጠርብ እሳቸው «ተጋጣሚያችን በራሱ ጊዜ ወደቀ» ይላሉ። አፈር ይቅለላቸውና እወዳቸው ነበር። ሰው ለሚወደው ነገር ሲዋሽ ውሸቱ ማር ማር ይላል፤ ማር ግን ሲበዛ ይመራል።

በዚያ ዓመት የፋብሪካዎች ዋንጫ ለፍጻሜ ደረስን። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምሴ ኮስታራ፣ ክራቫት የማይፈታ ሰው ነበር። ጨዋታው ሊደረግ ሦስት ቀን ሲቀረው ካፍቴሪያ ውስጥ ወንበር ላይ ቆሞ፣ «ዋንጫውን ካመጣችሁ ጊዜያዊ ሠራተኞች የሆናችሁት አምስቱ ተጫዋቾች ቋሚ ትሆናላችሁ!» ሲል ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ቋሚ መሆን ማለት ያኔ ሕይወት ማለት ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ ነገ ሥራ ይኑረው አይኑረው አያውቅም፤ ታሞ መተኛት የለ፣ ሚስት ልጠይቅ ቢል የልጅቱ አባት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር «ቋሚ ነህ?» ነው። ከአምስቱ አንዱ ሰይድ ይመር ነበር። ከወሎ ብቻውን የመጣ፣ ጭነት ክፍል ቦንዳ የሚሸከም፣ ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ የሚጫወት ልጅ። በጡሩንባው ክፍል መስኮት ባለፈ ቁጥር «ዘነቡ፣ የእኔን ስም እንዳትጠሪው አደራ» ብሎ ሲስቅ ጥርሱ ያምር ነበር። ከዚያ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም፤ ቢኖር ግን አልጠላም ነበር።

የጨዋታው ቀን ጋሽ መኩሪያ ድምፃቸው ተዘጋ። ጉንፋን ነው። ጥቁር አዝሙድ ቢያሸቱ፣ ዝንጅብል ቢጠጡ፣ ከጉሮሯቸው የሚወጣው እንደ ወናፍ ነው። አቶ ደምሴ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ አስተላልፊ» አለኝ። ኳስ አላውቅም ብል ማን ሰምቶኝ! «የምታዪውን መናገር ነው» አለ። ማይክሮፎኑን ያዝኩ። የምናገረውን ብትሰሙ ሳቅ ነበር፤ «ኳሷ ቢጫ ቁምጣ ወደለበሰው ቀጭን ልጅ ሄደች፣ ኧረ ወደቀ፣ ምስኪን! አሁን ደግሞ ያ ወፍራሙ ወሰደበት!» ሕዝቡ እየሳቀ ወደደኝ። እኔም ሞቅ አለኝ። ልብ አድርጉልኝ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የእኛ በረኛ ኳሷን ዘሎ በእጁ ሲይዛት ሰዉ ሲያጨበጭብለት አይቻለሁ። ታዲያ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ባዶ ለባዶ እንደሆኑ፣ ከጥግ የመጣች ኳስ ሰይድ ዘሎ መረብ ውስጥ ከተታት። ዳኛው ወደ መሐል ጠቆመ፤ ሜዳው ፈነዳ። እኔም ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ ከደስታዬ ብዛት፣ «ሰይድ አገባ! በእጁ መትቶ አገባት! ጎበዝ፣ በቀኝ እጁ!» ብዬ በጡሩንባ ለፈፍኩት።

ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ልጆች «እማማ፣ እውነት ተናጋሪ ነበሩ» ይሉኛል። አልነበርኩም። ጎል አጠገብ እጅ የሚፈቀድ መስሎኝ ነው። ለእውነት ብዬ ቢሆን ኖሮ በኋላ የሆነውን ሁሉ ችዬ እተኛ ነበር፤ እኔ ግን እያሞገስኩት ነው የገደልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጭብጨባው ቀጥ አለ። ዳኛው ቆመ፤ ወደ ሰይድ ሄደና አንድ ነገር ጠየቀው። ሰይድ አልካደም፣ አላመነምም፤ መሬት መሬት አየ። እጁ ላይ የኳሷ ጭቃ ነበረበት። ጎሉ ተሻረ፤ ልጆቻችን ደንግጠው ሳለ እነዚያ አገቡብን፤ አለቀ። ጋሽ መኩሪያ መጥተው በዚያ በተዘጋ ጉሮሮ «ልጄ፣ ኳስ እንዲህ አይወራም» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት የምባረር መስሎኝ ሻንጣዬን ሁሉ አሰናድቼ ገባሁ። አቶ ደምሴ ጡሩንባው ክፍል ሲመጣ ብድግ ብዬ ቆምኩ። ማይክሮፎኑን ራሱ ከፈተው። የተናገረውን እስካሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «ደምሴ ነኝ። ቅዳሜ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በእጁ ያገባው ልጅ አጥፍቷል። ከእሱ በፊት ግን እኔ አጥፍቻለሁ፤ የሰው እንጀራ ኳስ ላይ አንጠልጥያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አምስቱም ልጆች ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ናቸው።» ዘግቶት ወጣ። ነፋሱ ያን ቀን ወደ ሌላ ስለነበር ድምፁ ከግቢው አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። ዛሬም በቴሌቪዥን ሱፍ ለብሰው ስለ አመራር ሲተነትኑ አዳምጣለሁ፣ ደስ የሚሉም አሉ፣ ልጄ የምትሠራበት ድርጅት ኃላፊዋ ለምሳሌ ጨዋ ሴት ናት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ በጡሩንባ የተናገረ ግን እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል፤ ሰውዬው የማይከፈል ቃል መግባቱን አይቶ አስተካክሎ ከፈለው።

አራቱ ልጆች ደብዳቤያቸውን ተቀበሉ። ሰይድ ግን የለም። ቅዳሜ ከሜዳ እንደወጣ ያየው የለም፤ ከተከራየበት ቤትም ልብሱን ሰብስቦ ወጥቷል። የአስተዳደር ኃላፊው የሰይድን ደብዳቤ ለእኔ ሰጠኝና፣ «በየቀኑ ጥሪው፤ ሲመጣ አንቺው ስጪው» አለ። ወረቀት ጻፈልኝ። «ሰይድ ይመር፣ ከጭነት ክፍል፣ ለጉዳይ ስለሚፈለግ በአስቸኳይ ቢሮ ይቅረብ።» አንድ ወር ሙሉ፣ በየጠዋቱ ሦስት ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው የማነበው፤ ከራስ መጨመር ክልክል ነው። ቅዳሜ ከራሴ ጨምሬ ያየሁትን አይቻለሁና እንኳን ተከልክዬ ተፈቅዶልኝም አልደፍርም ነበር። ቆይቶ ሰዎች፣ በአሰብ መንገድ መኪና ተገልብጦበት ሞተ አሉኝ። አመንኩ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ጡረታ ስወጣ ደብዳቤውን ከመሳቢያው አውጥቼ ይዤው ሄድኩ፤ ፋብሪካው ተዘግቶ መጋዘን ሲሆን፣ ሜዳው የኮንቴይነር ማቆሚያ ሲሆን፣ እሱ እኔ ዘንድ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቀረ።

ታክሲው ውስጥ «ከዚያስ፣ አባባ?» አለች ልጅቱ፣ ሞተ ብዬ ያለቀስኩለትን ሰው። ሬዲዮውን ሾፌሩ ራሱ ቀንሶታል፤ እኔ በስንት ልመና ያልሆነልኝ።

«ከዚያማ አክስቴ ቤት ቃሊቲ ተደበቅኩ፤ የጭነት መኪኖቹ የሚያድሩበት። አፈርኩ በቃ። አራቱ ጓደኞቼ በእኔ እጅ ቋሚ ሳይሆኑ ቀሩ ብዬ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ታዲያላችሁ ጠዋት ጠዋት በነፋስ ስሜ ይመጣል። ሰይድ ይመር፣ ቢሮ ይቅረብ! ያቺ ልጅ ናት፣ ዘነበች። ድምጿ ማር ነበር፤ የምትጠራው ግን ለመቅጣት ነው። ወይ ሊያስሩኝ ነው፣ ወይ ሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ነው አልኩ። ወሩን ጆሮዬን ይዤ ቆየሁና የከባድ መኪና ረዳት ሆኜ አሰብ ወረድኩ።»

«ተጎዱ ታዲያ!» አለ ረዳቱ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልተጎዳሁም። ሾፌር ሆንኩ፣ መኪና ገዛሁ፣ ሰባት ወለድኩ፤ አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም ልጄ ጋ ነው ያለሁት። አንድ ነገር ብቻ አልለቀቀኝም። ስሜ በማይክራፎን ሲጠራ እስካሁን መውጫ በር ነው የምፈልገው። ለሐጅ ስሄድ አየር ማረፊያ ስሜን ቢጠሩት ልመለስ ምንም አልቀረኝ። የልጆቼ ሰርግ ላይ እንኳ «የሙሽራው አባት» በሉኝ እንጂ ስሜን አትጥሩ እላለሁ።» ሽማግሌው ሳቁ። «በእጅ የገባ ጎል ይኸው ነው እንግዲህ። ወራጅ አለ!»

ያ ወጣት ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ እንዲወርዱ በሩን ያዘላቸው።

እኔ የምወርደው እዚያው ቃሊቲ፣ ትንሽ ወደፊት ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ «አንቺ ነሽ?» ብሎ ሲስቅ ታየኝ። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ሰውዬውን ለምን አስታውሰዋለሁ፣ ኑሮው ሞልቶለታል፣ ዝም ልበል አልኩ። በሩ ሊዘጋ ሲል ግን ያ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ትዝ አለኝ። ቋሚ መሆኑን ሳያውቅ፣ ጓደኞቹ በእሱ ምክንያት እንዳልተጎዱ ሳያውቅ፣ አንድ ቀን እኔም እሱም እንሞታለን። «ወራጅ!» አልኩ፤ ፌስታሌን አንጠልጥዬ ዘልዬ ልወርድ ስል ረዳቱ ደገፈኝ።

ቃሊቲ ጠዋት እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሰው፣ ጋሪ፣ የስልክ ካርድ ሻጭ፣ ለእስረኛ ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉ ሴቶች። ነጩ ቆብ ከፊቴ ይርቃል፤ የእኔ ጉልበት አይደርስበትም። «ይቅርታ፣ ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ፤ አሥር ጋሼ ዞረ፣ እሱ አልዞረም። ይሄኔ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ፌስታሌን መሬት አስቀመጥኩ። ደረቴን ነፋሁና ያንን ድሮ ቀብሬው የነበረውን ድምፅ አወጣሁት።

«ሰይድ ይመር! ከጭነት ክፍል! በአስቸኳይ ቢሮ ይቅረብ!»

ሰው ሁሉ ዕብድ ናት ብሎ አየኝ። ነጩ ቆብ ቀጥ አለ። ትከሻው ሲሸማቀቅ ከሩቅ አየሁት፤ ልክ ያን ጊዜ ሜዳ ውስጥ እንዳቀረቀረው። ያኔ ያልጨመርኩትን አሁን ጨመርኩ።

«ለመልካም ነገር ነው! ለመልካም ነው የምትጠራው፣ ሰይድ!»

ቀስ ብሎ ዞረ። ሰውን በዱላው እየከፈለ ተመልሶ መጣና ፊቴን አየ፣ ፀጉሬን አየ፣ እንደገና ፊቴን አየ። አንቱ ልለው አሰብኩ፤ አልሆነልኝም።

«ዘነቡ?»

«ቋሚ ሆነህ ነበር» አልኩት እያለቀስኩ። «አምስታችሁም። ሰኞውኑ። አቶ ደምሴ ራሱ በጡሩንባ ተናገረ። ደብዳቤህን ልሰጥህ ነበር የምጠራህ፣ ያን ወር ሙሉ። ክፉ አልነበረም።»

ቀኝ እጁን ገልብጦ መዳፉን አየው፤ ምን እንዳየበት አላውቅም። «ጓደኞቼም?» አለ።

«ሁሉም። አራቱም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ቀስ ብሎ። ዓይኑ ሞላ። ከዚያ ያ ድሮ በመስኮቴ ሲያልፍ የማውቀው ሳቅ፣ ጥርሱ ግማሹ ባይኖርም፣ ፊቱን ሁሉ አበራው።

«ደብዳቤው አለ?»

«ቤቴ አለ። መሳቢያዬ ውስጥ።»

«እንግዲያው ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አለ። «ዘገየ እንዳይሉኝ ብቻ አንቺ ንገሪልኝ።»